«አጥፍቻለሁ» ማለቱ

የምስክር ቃል
ምስክር፦ በሰፈሩ አጠራር እትዬ መርፌ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ከተጠርጣሪው ጋር ጸብም ዝምድናም የለኝም። ሞባይል ጠጋኝ ሲሆን ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ እንለዋለን። አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተን እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል እንሠራለን።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሾፌር አልከፈት ብሎ የኩባንያው አርማ ላይ የቆመ ስልክ አመጣለት። ሽቦም ፍላሽ መደረግ እንዳለበት፣ ማለትም የስልኩ ሶፍትዌር ከሥሩ እንደገና እንደሚጫንና ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረው። ሾፌሩ «አጥፋው ወንድሜ፣ ብቻ ይነሳልኝ» ብሎ ሲም ካርዱን ጭምር ትቶ ሲሄድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽቦ የሚሠራበት ፕሮግራም በነፃ የሚወርድ ሲሆን አሠራሩም ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ አይቶ ያርመዋል። እኔ የልብስ ቅዴን ለጎረቤት እንኳ ስለማላሳይ፣ ይህን ሲነግረኝ «የሠሩት ሰዎች የዋሆች ናቸው» ብዬ ስቄያለሁ።

ጭነቱ ግማሽ እንደደረሰ ሁለት ፖሊሶች የተሰረቀ ስልክ ፍለጋ ገቡ። አንደኛው ኮምፒዩተሩ ላይ የተሰካውን ስልክ እያመለከተ «ይሄን ምን አድርገኸው ነው?» ሲለው ሽቦ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «አጥፍቻለሁ» አለ። በስልኩ ውስጥ የነበረውን ማለቱ ነው። ፖሊሱ ግን ጥፋቱን ያመነ መሰለው። ካቴና ሲያወጣ ደግሞ ሽቦ «እኔን ውሰዱኝ፣ ገመዱን ብቻ አትንቀሉብኝ!» ብሎ ነገሩን ጭራሽ አባሰው። ጭነቱ ሳያልቅ ገመዱ ከተነቀለ ስልኩ አበቃለት። ፖሊሱ ማስረጃ ሊደብቅ ነው ብሎ እጁን ሲሰድ እኔ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ «ልጄ፣ ከፈለግህ እኔንም እሰር እንጂ ይህቺን ክር አትበጥሳትም» አልኩት። ሙያዬ ሆኖብኝ ነው ገመዱን ክር ያልኩት። ፖሊሱም ገመዱን ተወ፤ ሽቦን ግን ይዘውት ሄዱ።

በአንድ ቃል ሌባ ከተባለ ከእንግዲህ ማን ስልኩን አምኖ ይሰጠዋል? ወንበር ስቤ ገመዱን ስጠብቅ ቆየሁ። ጭነቱ አልቆ ስልኩ ሲበራ ብቻዬን እልል አልኩ። ሲሙን ከትቼም ለማስረጃ ይዤ መጣሁ።

ይህን ቃል እየሰጠሁ ሳለ ስልኩ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ጠራ። መርማሪው ስፒከር ላይ አድርጎ ሲያነሳው፣ ሾፌሩ ከሌላ ስልክ ወደ ራሱ ቁጥር ደውሎ ኖሮ «ሽቦዬ፣ ተነሳልህ?» አለ። መርማሪውም ሳቁ አምልጦት «ስልኩ ተነስቷል፤ ሽቦም አሁን ከተቀመጠበት ይነሳል» ብሎ መለሰለት።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ያየሁትና የሰማሁት ይኸው መሆኑን አረጋግጬ፣ «አጥፍቻለሁ» የሚለውም ከሽቦ የእምነት ቃል ላይ እንዲጠፋ ጠይቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________