ሁለቱን ዲስኮች ልጠምድ ስል

መሐል ሜዳ ከተማ ሰርግ በቪዲዮ እቀርፃለሁ። ኮምፒውተሬ እየተጎተተ ቢያስቸግረኝ ሁለት አዳዲስ ዲስክ ገዛሁና ይኸው ሳምንት ሙሉ ግራ ገባኝ። እያንዳንዱን ፊልም ለሁለት ገምሼ ባካፍላቸው ሥራው ይፈጥናል፤ አንዱ ከተበላሸ ግን ሁሉም ይጠፋል። ያንኑ ፊልም በሁለቱም ላይ ባስቀምጥ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል፤ ግን ቦታው በግማሽ ይቀንሳል፣ ሥራውም ያን ያህል አይፈጥንም።

በዚህ መሀል ጋሽ ደምሴ የልጃቸውን የሰርግ ፊልም ሊወስዱ መጡ። ገበሬ ናቸውና ነገሩን በበሬ አስረዳኋቸው።

"ጥመዳቸው እንጂ! አንዱን አቁመህ በአንዱ ልታርስ ነው?" አሉኝ።

"አንዱ ቢሞትብኝስ?"

"ከጎረቤት በሬ ጋር ታቀናጃለህ።"

የሞተው ዲስክ የያዘው ግማሽ ጎረቤት ቤት እንደማይገኝ ብነግራቸው "ታዲያ ምኑን በሬ ነው አልኸኝ?" ብለው ተቆጡ። በሬውን ያመጣሁት እኔ፣ መውጫው የጠፋኝም እኔ።

"ለመሆኑ ምንድን ነው የሚቀመጥበት?"

"የሰው ሰርግ ነው። የርስዎም አለበት፤ እትዬ ወርቄ ልጃቸውን ሲመርቁ።"

እትዬ ወርቄ ባለቤታቸው ናቸው፤ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዲስኮቹን ትክ ብለው አዩ።

"እሷን ሁለት ቦታ ማኖር ይቻላል ነው የምትለኝ?"

"አዎ፣ ይቻላል።"

"እና ሳምንት ሙሉ የምታስበው ምኑን ነው?"

ሁለቱንም ዲስኮች ሰካሁና የእትዬ ወርቄን ምርቃት በሁለቱም ላይ መገልበጥ ጀመርኩ።