ከቅጥሩ ውጪ ያስቀደስነው

እናቴ እንድትድን ለምኜ ለምኜ ከሞተችብኝ ወዲህ ልቤ ከጸሎት ሸሸ። እሑድ እሑድ ግን እግሬ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወም። ሳላምን «አሜን» ማለቱን ሕሊናዬ እምቢ ስላለኝ፣ ከቅጥሩ ውጪ፣ የወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች በሚቆሙበት ጥግ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ባለፈው እሑድ ታዲያ ጎረቤቴ እማማ የሺ በቅዳሴው መሐል ወጥተው ጸበል አስጨበጡኝ።

«ልጄ፣ ስንት ወር ሙሉ ውጪ! ደሙ አልቆም አለሽ አይደል? ይህን ጠጪ፤ ነገ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ጤነኛ ነኝ፣ እማማ። እግዜር መኖሩን ተጠራጥሬ ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ኤዲያ! እኔ ደግሞ ልትሞችብኝ ነው ብዬ! ልጄን የቀበርሁ ጊዜ እኔም ከእግዜር ተኳርፌ ቤቴ ነው የተቀመጥሁት። አንቺ እንኳ ደጁ ድረስ መጥተሻል» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገቤ ቆሙ።

«ኧረ ይግቡ! እዚህ ሲያይዎት ሰው ምን ይላል?»

«በሰባ ዓመቷ ጀመራት ይበሉ!»

ሳቄን ሳልጨርስ ከውስጥ «እግዚኦ» ተባለ። አፌ ሳላዘው አብሮ «እግዚኦ» አለ።