የግዛቸው ሞተር የተሰበረበት ቅዳሜ

የተጠርጣሪ ቃል

ስም፦ አየለች መኳንንት
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ካሮልተን፣ ቴክሳስ
ሥራ፦ ሌዊስቪል የዕቃ መጋዘን ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ኧርቪንግ፣ ጁን 14 ቀን 2008
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሞራሌስ
አስተርጓሚ፦ ፀደንያ ጌትነት

መናገር እንደማልገደድና የምናገረው ፍርድ ቤት ሊቀርብብኝ እንደሚችል በአስተርጓሚዋ በኩል ተነግሮኝ ገብቶኛል። ጠበቃ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ ወይ ተብዬ አልፈልግም ብያለሁ። ቃሌን የምሰጠው በፈቃዴ ነው።

ግዛቸውን የማውቀው በወንድሜ በታዲዮስ በኩል ነው። ጓደኛሞች ናቸው። ዲቪ ደርሷቸው በአንድ ሰሞን መጡ፤ መኪናም ሲገዙ አንድ ዓይነት ነው የገዙት። ግዛቸው አገር ቤት መካኒክ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ኧርቪንግ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ይሠራል። በጃንዋሪ ወር የታዲዮስ መኪና ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ይንኳኳ ጀመር። ግዛቸው ሰምቶት የታይሚንግ ካቴናው ላልቷል፣ መቀየር አለበት አለ። ካቴና ማለት የሞተሩን ታችና ላይ አስተሳስሮ እኩል የሚያዞር ሰንሰለት ነው። ታዲዮስ አዲስ ካቴና አስመጥቶ ከነካርቶኑ ሰጠው። መኪናው ግዛቸው ጋ አድሮ፣ ተቀይሯል ተብሎ ተመለሰ። መንኳኳቱም ቀንሶ ነበር።

ማርች ላይ ታዲዮስ ከሥራ ሲመለስ ሌዊስቪል፣ ሐይቁ ድልድይ ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋበት። ዳር ሳይይዝ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገጨው። ከዚያ ወዲህ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። የማጥበውም የማገላብጠውም እኔ ነኝ።

የተጋጨውን መኪና ይርጉ የሚባል ሌላ መካኒክ ፈቶ አየልኝ። ካቴናው ተበጥሷል። ይርጉ የተበጠሰውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ “እህቴ፣ ይሄ አዲስ አይደለም። ስንት ዓመት የሠራ ነው። አልቀየረለትም” አለኝ። ለታዲዮስ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና “ለእግዚአብሔር ስጪው” አለ። እኔ አልሰጠሁም።

ባለፈው ረቡዕ ግዛቸው ጭማቂ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የሰይጣን ሥራ ነው እያለ አጽናናው። ስሸኘው ደግሞ በር ላይ፣ “ሞተሩን እየደበደበ ነበር የሚነዳው፤ መክሬው ነበር” አለኝ። በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ላይ ካርቶን ስደረድር እንኳ የሚታየኝ የእሱ ፊት ነበር።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ቤቱ ሄድኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ላዋርደው ነው የሄድኩት። ሞተር እንዴት እንደሚሰበር አላውቅም ነበር። ስደርስ ጋራዡ ክፍት ነው። የራሱን መኪና ሞተር ገላልጦ ካቴና እየቀየረ ነበር፤ ባለቤቱ ህይወት ባትሪ ታበራለታለች። ካቴናው ላይ በኩል የሚያዞራቸውን ዘንጎች፣ የካምሻፍቶቹን ጥርሶች በነጭ ቀለም ምልክት አድርጎባቸው፣ ልክ እንዲገጥሙለት ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ ያያል። ለራሱ ሲሆን እንዲህ ይጠነቀቃል። ካቴናው አዲስ ነው፤ ታች ተሰክቶ ላይ ገና አልገባም።

“ይሄ ካቴና የማን ነው?” አልኩት።

“የማን ይሆናል? የራሴ ነዋ፤ ኦርደር አድርጌ ነው” አለ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

የመኪናው በር ክፍት ነበር፤ ሬድዮ እየሰማ ስለነበር ቁልፉም ተሰክቷል። ገብቼ መሪው ፊት ተቀመጥኩ። እጄ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ጮኸ።

“አየለች፣ እንዳትነኪው! ካቴናው አልገባም! አሁን ከዞረ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው!”

ምን ማድረግ እንደምችል ያወቅኩት ያኔ ነው። የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። መስኮቱ ትንሽ ወርዶ ስለነበር እንሰማማለን። የማን ነው ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት።

“እውነቱን ብነግርሽ ትተይዋለሽ?” አለኝ።

“ታዲዮስ ይሙት፣ እተወዋለሁ” አልኩት።

ባለቤቱን አየት አደረገና፣ “የታዲዮስ ነው” አለ። “ካቴናውን የሚወጥረውን ብቻ ቀየርኩለት። የኔም መኪና መንኳኳት ጀምሮ ነበር። ማለቴ… አሮጌው ትንሽ ይሄዳል፣ ኋላ ሌላ አመጣለታለሁ ብዬ ነው።”

ህይወት ባትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ቁልፉን አዞርኩት። ብረት ብረት ሲሰብር ሰማሁ። ቆመ። ደግሜ አዞርኩት። ግዛቸው ኮፈኑን በሁለት እጁ ይዞ “ማልሽልኝ እኮ! ማልሽልኝ እኮ!” ይል ነበር። ፖሊስ የጠራው እሱ ነው። እስክትመጡ ድረስ ከመኪናው አልወረድኩም።

ስለ ሞተሩ ይጸጽትሻል ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አይጸጽተኝም። ነገ ሌላ ሞተር ቢያስገባ ያንንም ብሰብረው ደስ ይለኛል።

ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ቤት እንድደውል ተፈቅዶልኝ ነበር፤ ታዲዮስን የሚያገላብጠው ሰው ስለሌለ ነው። ስልኩን ያነሳችው ህይወት ናት። “እዚህ ነኝ፤ ያየሁትን ሁሉ ነግሬዋለሁ” አለችኝና ስልኩን ሰጠችው።

“ታዲዮስ ይሙት ብለሽ ነው የማልሽው?” አለኝ።

“አዎ” አልኩት።

ስልኩን ዘጋው።

የተጻፈው በአማርኛ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት እንዳለ ሰፍሯል፤ የጨመርኩትም የሸሸግኩትም ነገር የለም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ አየለች መኳንንት
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ፀደንያ ጌትነት
የመርማሪው ፊርማ፦ ሞራሌስ