ሳይደውሉ መምጣት ክልክል ነው

ጎተንበርግ፣ ስዊድን፤ ከኢትዮጵያ ለሦስት ወር አገልግሎት የመጡት መምሬ ይትባረክ እና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የሻረግ፣ በመምሬ የእንግዳ ክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት መሃላቸው አስቀምጠው ይከራከራሉ።

የሻረግ፦ ይፈርሙ እንጂ መምሬ! አንድ መስመር እኮ ናት። «ሳልደውል የማንንም ቤት አላንኳኳም።»

መምሬ ይትባረክ፦ እኔ ካህን ነኝ ወይስ የጥርስ ሐኪም? በቀጠሮ የሚጸለይ ጸሎት አላውቅም።

የሻረግ፦ እዚህ አገር እናት እንኳ ልጇ ቤት ደውላ ነው የምትሄደው።

መምሬ ይትባረክ፦ ምስኪን እናት!

የሻረግ፦ አይቀልዱ። ካልፈረሙ ጉባኤው ቆይታዎን አያራዝምም። በመጪው ወር አውሮፕላን ላይ ነዎት፤ እኛም ለፋሲካ ያለ ካህን ልንቀር ነው።

መምሬ ይትባረክ፦ ይህን ያህል ምን አጠፋሁ?

የሻረግ፦ አቶ ደጉ በፎጣ ነው የከፈቱልዎት።

መምሬ ይትባረክ፦ መስቀል ተሳለመ፣ ተመልሶ ገብቶ ታጠበ። ምን ጎደለበት?

የሻረግ፦ ትርንጎስ? ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ሠርታ ገና ጋደም ከማለቷ!

መምሬ ይትባረክ፦ እሱስ ጥፋቴ ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

የሻረግ፦ እነይርጋ ቤት ደግሞ በጾም ቀን፣ ረቡዕ! ድንጋጤያቸው! የዶሮ ወጡን ድስት በረንዳ ላይ በረዶ ውስጥ ቀበሩት።

መምሬ ይትባረክ፦ እኔ ስለ ዶሮ ቃል አልወጣኝም። «ወፎቹ በረንዳችሁን ወደዱት» ብቻ ነው ያልኩት።

የሻረግ፦ ኧረ አያስቁኝ! ተልኬ ነው የመጣሁት።

መምሬ ይትባረክ፦ ስትስቂ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።

የሻረግ፦ ይኸው እስክሪብቶ።

መምሬ ይትባረክ፦ ይህን ሕግ ማን ጻፈው?

የሻረግ፦ እኔ። እርስዎ ሳይመጡ፣ በመስከረም።

መምሬ ይትባረክ፦ እህትሽ ዘነቡ ያረፈችውስ?

የሻረግ፦ በነሐሴ። ያኔ ለቅሶ እያለ የሚመጣው ሰው ደጄን አላስዘጋ ብሎኝ ነበር። ታዲያ እሷን ከዚህ ጋር ምን አገናኛት?

መምሬ ይትባረክ፦ አብራችሁ ነበር የምትኖሩት አሉኝ።

የሻረግ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። መምሬ፣ ወሬ አያስቀይሩኝ። ደግሞ ለራሴ ብዬ እንዳይመስልዎት፤ የእኔን በር አንድ ቀን እንኳ አላንኳኩም።

መምሬ ይትባረክ፦ አላንኳኳሁም። «እሷ ሰው እንዲመጣባት አትፈልግም» ስላሉኝ፣ ያንቺን ብቻ በሕጉ መሠረት ደወልኩ።

የሻረግ፦ ደውለዋል፤ አልካድኩም።

መምሬ ይትባረክ፦ አራት ጊዜ። መጀመሪያ ሥራ ላይ ነሽ። ቀጥሎ ጉንፋን ያዘሽ። ሦስተኛውን አላነሣሽም። በአራተኛው «እኔው እደውላለሁ» አልሽኝ።

የሻረግ፦ ረስቼው ነው።

መምሬ ይትባረክ፦ ይሆናል። በሰበካው ስም ዝርዝር ላይ ሃያ ሁለት ቤት አለ። ሃያ አንዱ ጋ ሳልደውል ሄጄ፣ እየተቆጡም ቢሆን አስገብተውኛል። ሕጉን አክብሬ ደጁን ያላለፍኩት አንድ ቤት ብቻ ነው። በይ አምጪው፣ ልፈርም።

የሻረግ፦ ይቆዩ።

መምሬ ይትባረክ፦ ጉባኤው እየጠበቀ አይደለም እንዴ?

የሻረግ፦ ይጠብቅ። ካፖርትዎን ይልበሱ። ቤቱን አላጸዳሁትም፤ የዘነቡ ጫማም እስካሁን በሩ ሥር ነው። አሁኑኑ እንሂድ መምሬ፤ ካሰብኩበት አልከፍትልዎትም።