የፊት ግራ ጎማ

(ደብረ ብርሃን፣ በአንድ የጎማ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፤ ጡረተኛው ሻምበል ይርዳው የፈነዳ የጭነት መኪና ጎማ በባለሱቋ በወይዘሮ እልፍነሽ ፊት ጥለው ባንኮኒውን በከዘራ ይመታሉ።)

ሻምበል፦ አዲስ ጎማ አምጪ ብያለሁ! የዓመት ዋስትና የሰጠሽበት ጎማ ወር ሳይሞላው ፈነዳ። ዳግመኛ ብታናግሪኝ ይህን የባንኮኒ መስተዋት በራስሽ ላይ አወርደዋለሁ።

እልፍነሽ፦ ባንኮኒው ምን በደለዎት? ግድ የለም ይምቱት፤ እሱ አይመልስም። እኔን ግን አይሞክሩኝ፤ የጎማ መፍቻው ብረት ከእጄ አልራቀም።

ሻምበል፦ በዕድሜዬ ሴት መትቼ አላውቅም።

እልፍነሽ፦ እኔም ሽማግሌ መትቼ አላውቅም። በስተርጅና አዲስ ነገር ከምንጀምር ቢቀመጡ ይሻላል።

ሻምበል፦ አልቀመጥም። ልጄ በላቸው በዚህ ጎማ የተነሣ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ብረት ውስጥ ተቆርጦ ቀረ። ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «አባቴ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገኝ?» ይለኛል። እንግዲህ ፍረጂ፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ወይስ የሰው?

እልፍነሽ፦ እግዚአብሔር ይማረው! አልሰማሁም ነበር። እስቲ ወደ ብርሃኑ ያዙሩልኝ… ሻምበል፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። ጎኑ ተወግቷል። የቁስሉን አፍ ይመልከቱት፤ ቀጥ ያለ ነው። ቢላዋ ነው። ዋስትናው ቢላዋን አይጨምርም።

ሻምበል፦ ቢላዋ! ማለፊያ። መስማት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ጎማሽን ያዢው።

እልፍነሽ፦ ወዴት ነው? ወገብዎንስ ምን ያስዳብሰዎታል?

ሻምበል፦ የሴት ልጄን ባል፣ ጌጡን፣ ታውቂዋለሽ። የመኪናው ሹፌር እሱ ነው። መኪናውን ለበላቸው አወርሳለሁ ባልሁ ማግስት ፊቱ ጠቆረ። ያን ዕለትም አሞኛል ብሎ ቀረና ልጄ ነዳ። አሁን ደግሞ አስታማሚ ሆኖ ከራስጌው ተቀምጧል። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይህ ነው። ዛሬ ግንባሩን ሳልበሳው አላድርም።

እልፍነሽ፦ ቆዩ፣ ቆዩ! ተሳስቻለሁ። የፋብሪካ ጉድለት ነው። አዲስ ጎማ ይውሰዱ፤ ከፈለጉም ሁለት ይውሰዱ!

ሻምበል፦ ቢላዋ ያልሽበት ምላስ ሳይደርቅ? የሰው ነፍስ በጎማ አይለወጥም፣ እመቤት።

እልፍነሽ፦ ታዲያ የጌጡን ነፍስ ምነው በጎማ ሊለውጡት ተነሡ?

ሻምበል፦ ከበሩ ላይ ዞር በይ።

እልፍነሽ፦ አልዞርም። ጎማውን በሩ ላይ ጥዬ ተቀምጬበታለሁ። መጀመሪያ እኔን ይግደሉ፤ ጌጡ ተራውን ይጠብቅ።

ሻምበል፦ ተነሺ አልሁሽ! ይኸው ሽጉጡን አወጣሁት፤ ታይዋለሽ?

እልፍነሽ፦ አየሁት፤ እጅዎ ሲንቀጠቀጥም አየሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ደም ግን አይለቀምም። ይህን የጎማውን ቁስል በጉጠት እስክከፍተው ይታገሡኝ፤ ከዚያ ይተኩሱ… ይህ ምንድን ነው?

ሻምበል፦ ምን አገኘሽ?

እልፍነሽ፦ ጠጉር። ከደረቀ ደም ጋር ተጣብቋል።

ሻምበል፦ የልጄ ደም ነው!

እልፍነሽ፦ ልጅዎ ነጭ ሱፍ ያበቅላል? የበግ ጠጉር ነው፤ ቢላዋው ይዞት ገብቶ ነው። ጎማዎቹን ያስገጠማችሁ ዕለት በግ አርዳችኋል?

ሻምበል፦ እንዴታ! በእኛ ቤት አዲስ ጎማ ደም ሳይረግጥ መንገድ አይወጣም። የበጉን አንገት በፊት ግራው ጎማ ላይ አስደግፈን አረድን፤ ደሙ እንዲፈስበት።

እልፍነሽ፦ ቢላዋውን የያዘው ጌጡ ነበር?

ሻምበል፦ ጌጡ የያዘው የበጉን እግር ነው። ደግሞ ደፍሮ፣ «አባባ፣ ከጎማው ራቅ እናድርገው፤ እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። በሰው ፊት በጥፊ አጮልሁት።

እልፍነሽ፦ እና ማን አረደው?

ሻምበል፦ የቤቱ አባወራ እያለ ማን ያርዳል? እኔ ነኝ።

እልፍነሽ፦ ቢላዋው ጎማውን አልነካውም?

ሻምበል፦ በጉ ተፈራገጠ። ቢላዋውን አንድ ነገር ያዘብኝ። አጥንት መስሎኝ… ገፋሁት።

እልፍነሽ፦ አሁን ይቀመጡ።

ሻምበል፦ በሬ ካራጁ ይውላል ስል ስለ ማን እናገር ኖሯል?

እልፍነሽ፦ ሽጉጡን ይስጡኝ። ለጌጡ ፈርቼ አይደለም፤ አሁን የምፈራው ለእርስዎ ነው።

ሻምበል፦ እንኪ። ጥይቱንም እንኪ።

እልፍነሽ፦ አዲስ ጎማ አስጭንልዎታለሁ። በዋስትናው አይደለም፤ ስለ በላቸው ብዬ ነው።

ሻምበል፦ አልፈልግም፤ ይህንኑ የተወጋውን አስጭኚልኝ። ልጄ፣ «ማን ነው?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ጌጡም ከራስጌው አለ። ሁለቱ ባሉበት ይዤው እገባለሁ።