የተገለበጠው የዓሣ ዓይን

ኦድኒ ምልክቱ መገልበጡን ያስተዋለችው ዓሣው ወደቡ ላይ ከቆመ በኋላ ነበር። ልጇ ሩና ባሕር ከተፋው መረብ፣ ገመድና ላስቲክ የሠራችው ይህ ኮድ የሚባለው ዓሣ ምስል ከጀልባ ቤቱ ጣሪያ ይረዝማል። ዓይኑ ከባሕር ዳር የተለቀመ የመረብ ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ኳሱ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰው የጎረቤታቸው የሽማግሌው ቱርስታይን የጀልባ ምልክት በአናቱ ተተክሏል። የሽማግሌው ልጅ ኤይቪን ደግሞ በዚያው ጀልባ ባሕር ላይ ነው። በሎፎተን ደሴቶች ዓሣ አጥማጁ ሳይመለስ የጀልባው ዕቃ አይገለበጥም፤ ጀልባውን እንደ መገልበጥ ይቆጠራል።

ይህን ስታሰላስል ሽማግሌው ከዘራቸውን እየተከሉ መጡ።

«ደህና አመሻችሁ» አሉ። «ሩና፣ ይህን ክምር ዛሬውኑ አፍርሽልኝ።»

«ደህና አመሹ፣ ጋሼ። ዓሣው ምን አጠፋ?»

«ዓይኑን እዪው። ልጄን በቁሙ ገልብጠሽዋል።»

ኦድኒ ወደ ልጇ ተጠጋች። ባዶውን ጀልባ፣ ከዚያም መንደርተኛው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርባቸው ታያት። «ሳታውቅ ነው፣ ጋሼ፤ አሁኑኑ ታፈርሰዋለች» አለች።

«እማዬ፣ ቆዪ እስቲ። ጋሼ፣ ዓይኑ ላይ አጥፍቻለሁ፤ አቃናዋለሁ። ዓሣውን ግን ለምን ላፍርስ?»

«ቆሻሻ ነዋ። አባቶቻችን ያለቀለትን ነገር ለባሕር ሰጥተው ይገላገሉ ነበር። አንቺ ለቅመሽ አደባባይ አቆምሽው። ማዶ ያሉት ‹እነዚህ ሰዎች ጉድፋቸውን ያመልካሉ› ይበሉን?»

«የአባቶቻችን ገመድ ቃጫ ነበር፤ ይበሰብሳል። የዛሬው ላስቲክ ነው። አምና የኤይቪንን ሞተር ያቆመው ምን ነበር?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ባሕሩ ጠቆሙ። «ገመድ። ጀልባውን በሚነዳው ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ። ማዕበሉ ወደ ዓለቱ እየገፋው ነበር።»

«ያ ገመድ ይኸው ጅራቱ ላይ ያለው አረንጓዴው ነው። ኤይቪን ራሱ ቆርጦ አመጣልኝ።»

ሽማግሌው ቀርበው ዳሰሱት። ሁለት ገመድ የተቀጠለበት ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ግራ እጃቸው ከተጎዳ ወዲህ ገመድ የሚቀጥሉት ወደ ቀኝ እየጠመዘዙ ነው፤ በመንደሩ እንዲህ የሚቀጥል ሌላ ሰው የለም።

«የኔ ነው» አሉ በቀስታ። «አርጅቷል ብዬ የጣልኩት። ኤይቪን ያውቃል?»

«ያውቃል። ለአባዬ አትንገሪው ብሎኝ ነበር።»

ኦድኒ ቁጣ ጠበቀች። ቁጣ አልመጣም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ባሕሩ ሲያዩ ቆዩ። ልጃቸውን የተገለበጠ ምልክት ሳይሆን የገዛ እጃቸው ሊገድለው እንደነበር የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

«የዓሣው ሆድ ለምን ባዶ ሆነ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሰው ያረጀ ገመዱን እንዲከትበት ነው፣ ጋሼ። እዚህ የገባ ገመድ ፕሮፔለር አይዝም። እዚህ የገባ መረብም ማንም ሳያወጣው ባሕር ውስጥ ዓሣ በከንቱ ሲፈጅ አይኖርም። ሆዱ ሲሞላ ደግሞ በገመዱ ሌላ ዓሣ እሠራለሁ።»

«እንግዲያው አይፈርስም። እኔም ነገ ባሕር ልጥለው ያዘጋጀሁት የገመድ ጥቅል አለ፤ ነይ አግዢኝ።»

ሩና አስቀድማ መሰላል አቁማ ዓይኑን አቃናች። ከዚያ ጥቅሉን ሦስቱም እየጎተቱ አመጡ። ለዓሣው ሆድ በዛ፤ የተረፈውን ሩና በምትሠራበት ክፍል ከመሩት።

«ቆልፊበት፣ ኦድኒ» አሉ ሽማግሌው ሲወጡ። «የስልሳ ዓመት ልማድ ነው፤ ሌሊት ተነሥቼ ባሕር እንዳልጥለው።»

ኦድኒ ነፋሱን አዳመጠች፤ ኤይቪን ገና አልተመለሰም። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።