ዋስትና ያለው ጎማ

በእኛ ጊዜ ፖሊስ በር አያንኳኳም፤ በሩ ራሱ ያውቀዋል። እኔ ገና ከአጥሩ ማዶ ጉሮሮዬን ስጠርግ ውሻው ወደ ጓሮ፣ ሰውየው ወደ ማሾው ማሳ፣ ሴትዮዋ ወደ ጎረቤት፣ እና እኔ ባዶ ግቢ መሀል ቆሜ «ሕግ ተከበረ» ብዬ እመለሳለሁ። ስሜም ተፈራ ነው፤ አባቴ ስም ሲያወጣልኝ ይህን ሥራ ያሰበልኝ ይመስለኛል። አትሳቁ፣ ቁም ነገር ነው የማወራው። አንተም የምትጽፈው፣ እንዳለ ጻፈው፣ አታሳምረው። ይመርም ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ ብዋሽ ያርመኛል።

ታዲያ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባለቤቴ አስካለ ዩኒፎርሜን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችና በላዩ ተቀመጠች። ተቀመጠች ስላችሁ በእውነት ተቀመጠችበት። «ተፈራ፣» አለችኝ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ጨው ስጡኝ ከማለቴ በፊት ‹እኛ ምንም አላየንም› ይሉኛል። ከእንግዲህ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እዚህ ቤት አይገባም።» እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ፣ ሳጥኑ ላይ ናት።

ግን ሰው ሥራ ፈትቶ እንዴት ይውላል። አንድ መጋዘን ለጥበቃ ሊቀጥረኝ ፈልጎ ነበር። ያ ደግሞ ዩኒፎርም አለው፣ ዱላ አለው፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም «እጅ ወደ ላይ» እያሉ መፈተሽ አለው። እና እሺም እምቢም ሳልል ስዋልል፣ እዚሁ ሸዋሮቢት ላይ አንዲት ኢንጂነር ሱቅ ከፈተች። ማርታ ትባላለች፣ ከሐዋሳ የመጣች ልጅ ናት። የምትሸጠው ውሃ ቆጣቢ ጎማ ነው፤ ጎማው ማሳ ላይ ይዘረጋል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ ውሃው በየቀዳዳው ጠብ ጠብ እያለ ሽንኩርቱን ከሥሩ ያጠጣዋል።

«ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎን ገበሬው ሁሉ ያውቅዎታል፣ ይሽጡልኝ» አለችኝ።

«ያውቀኛል» አልኩ። ማወቁስ እውነት ነው።

ታዲያ ስምምነታችን ይህ ነበር፤ የሽንኩርት ችግኝ ተነሥቶ ማሳ ላይ እስኪተከል ድረስ አንድ ገበሬ፣ አንድ ብቻ፣ ጎማውን ካዘረጋልኝ ሥራው የእኔ ነው። ካልሆነ መጋዘኑ አለ። መጋዘኑ ካለ ደግሞ አስካለ ከሳጥኑ ላይ አትነሣም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ለቤት ዞርኩ። ሥራዬን አክብሬ እንደ ድሮው ከአጥር ማዶ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ውሻው ወደ ጓሮ፣ ሰውየው ወደ ማሾው። አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊት ማምለጥ አቅቷቸው ቀሩ። «እማማ፣ ውሃ እንዴት ነው የሚጠቀሙት?» ስል ጠየቅኋቸው። አየት አደረጉኝና «ልጄ፣ እኔ ውሃ አልጠጣም» አሉኝ። ይህንንም በማስታወሻዬ ላይ መዘገብኩ፤ ውሃ የማይጠጡ ሴት ብዬ። ማርታ ማስታወሻውን አንብባ ብዙ ሳቀች፣ ምን እንዳሳቃት እስካሁን አልነገረችኝም።

«ጋሼ፣ ቤት ለቤቱ ይቅር፣ ሰብሰብ ሲሉ ይንገሯቸው» አለችኝ። እና የውሃ አባቱን፣ ያው የቦዩን ተራ የሚያከፋፍለውን ሽማግሌ ለመንኩትና ሰዉን ሾላው ሥር ሰበሰበልኝ። ተነሣሁ። ማለት የነበረብኝ «ወገኖቼ፣ ውሃ ቆጥቡ» ነው፣ ቃሉን በመንገድ ሁሉ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት «ከሁከት ተቆጠቡ፣ ከስብሰባ ተቆጠቡ» ሲል የኖረ ምላስ ነው፣ እና አፌን ስከፍት «ተቆጠቡ» አለ።

ሕዝቡም ታዛዥ ነው፣ ተቆጠበ። የውሃ አባቱ ራሱ ተቆጠበ። ዞር ስል ሾላው ሥር የቀረነው እኔና ይኸው ይመር ብቻ ነን።

ይመርን የማታውቁት ካላችሁ፣ ማሳው ከቦዩ ራስ ነው። ከእሱ በታች የዘነበች ማሳ አለ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በጋ በመጣ ቁጥር ይመር በዘነበች ተራ ቦዩን ይሰብርና ውሃውን ወደ ራሱ ሽንኩርት ይመልሳል፣ እሷ ትከሳለች፣ እኔ አስረዋለሁ፣ እና በማግስቱ ማን ዋስ ሆኖ ያስፈታዋል? ራሷ ዘነበች። «ምን ላድርግ ሳጅን፣ ማሳዬን የሚያርስልኝ እሱ ነው» ትለኛለች። እሱ ደግሞ ሰበርኩ ብሎ አያውቅም። «ውሃው ራሱ ሄዶ ነው ሳጅን። ውሃ እግር አለው፣ እኔ ምን ላድርገው?» አለቀ።

ታዲያ ይመር ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «ሳጅን፣ እንሂድ?» አለኝ።

«ወዴት?» አላልኩም። ደስታዬ ልኩን አጣ፣ ጎማ ሊገዛ ነው ብዬ። «እንሂድ!» አልኩት። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ እሱ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ። ገበያተኛ እንዲህ አይሄድም ብዬ ላስብ ይገባኝ ነበር፣ አላሰብኩም፣ ለእኔ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሄደው። በመንገድ የሚያገኘን ሁሉ «ይመር፣ ዛሬም?» ይለዋል፣ «ዛሬም» ይላል። ሚስቱ ከደጃፏ ሆና «ምሳ የት ላምጣልህ?» ስትለው፣ ባሏን ገበያ ድረስ ምሳ የምታደርስ ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት ብዬ አደነቅኳት።

ሱቁ ደረስን። ማርታ ወንበር ሰጠችውና ወረቀቷን አወጣች።

«አባቴ፣ መሬትዎ ምን ያህል ነው?»

«የእኔ አይደለም።»

«የሚያጠጡትስ ከየት ነው?»

«አላጠጣሁም።»

«ሽንኩርት ይተክላሉ አይደል?»

«እኔ በዚያ ሰዓት መስጊድ ነበርኩ፣ ምስክር አለኝ።»

ማርታ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ የማውቀው ይመር ስለሆነ አልገረመኝም፣ እንዲያውም ዛሬ ቶሎ መልስ ይሰጣል ብዬ ነበር። ልጅቱም ብልህ ናት፣ ጥያቄውን ተወችውና ጎማውን ከበርሜል ጋር አገናኝታ ከፈተችው። ጠብ። ጠብ። ይመር ወንበሩን እየሳበ ተጠጋ፣ ጎንበስ አለ፣ አንዷን ጠብታ በጣቱ ተቀበላት።

«ይህቺ ታጠግበዋለች?» አለ።

«ከሥሩ ስለምትገባ ታጠግበዋለች። ቦይ ሙሉ ውሃ አያስፈልግዎትም። ደግሞ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው።»

ይመር ዋስትና ሲባል ሰምቶ ፊቱ ክፉኛ ጠቆረ። «ልጄ፣ እኔ ዋስ የለኝም» አለ።

«እንዴት?»

«ዋሴ ዘነበች ነበረች። ትናንት ደግሞ በተራዋ ሰብሬባታለሁ። ማሳዋ ላይ ቆማ ነበር፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ዋስ ሁኚኝ እላታለሁ?»

ስሙኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው አንዲት ቃል ሰጥቶኝ አያውቅም። ለጎማ ሰጠ። ብዕር ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፣ ከዚያ ፖሊስ አለመሆኔ ትዝ አለኝ፣ እጄም እዚያው ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ማርታ ቀስ ብላ «አባቴ፣ እርስዎ ዋስ አይጠሩም። ዋሱ እኛ ነን። ጎማው ቢበላሽ ተጠያቂው ጋሽ ተፈራ ናቸው» አለችው።

ይመር አየኝ። «አንተ? ለእኔ ዋስ?»

«እኔ» አልኩ። ስንቱን አስሬ ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ይመርም ፈረመ፣ ፈርሞ ሲያበቃ «ታዲያ አሁን ልሂድ?» አለ። ሂድ አልኩት። ሚስቱ በር ላይ ምሳ ይዛ ቆማ ነበር፣ እዚያው አራታችን በላነው።

ጎማው ተዘረጋ። ችግኙ ተተከለ። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም፣ ቢበላሽስ፣ ቢደርቅስ፣ ዋስ ነኛ። አስካለም ገና ከሳጥኑ አልተነሣችም፣ እያየች ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ዘነበች ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ሳጅን፣ ክስ አለኝ» አለች።

«በማን ላይ?»

«በይመር ላይ ነዋ። ውሃውን ሁሉ ለቀቀብኝ። በተራዬ ቦዩ ግጥም ብሎ ይመጣል፣ ሽንኩርቴ ሊሰጥም ነው። ወይ ለእኔም ያንን ጎማ ዘርጋልኝ ወይ እሱን እሠርልኝ።»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ጠመንጃዬን ካስረከብኩ ስንት ጊዜዬ፣ ከትከሻዬ የወረደው ግን ያን ዕለት ነው። ዞር ስል አስካለ ከሳጥኑ ተነሥታ በሩ ላይ ቆማለች። «ግቢ ዘነበች፣ ቁጭ በዪ» አለቻት። ሠላሳ ዓመት ክስ ይዞ የመጣን ሰው ቁጭ በል ብላ አታውቅም ነበር። አሁን ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ «ያ ጎማ እንዴት ነው?» እያሉ ወሬ ይጀምሩላታል፣ ጨው መግዛቱን ረስታ ትመለሳለች።

ይኸው ነው። ይመር፣ ዋሸሁ?

«አልዋሸህም። አንድ ነገር ግን ዘለልክ።»

ምን?

«ያን ቀን እንዳላሠርከኝ አውቅ ነበር። ጡረታ መውጣትህን አገር ሰምቷል። እኔ ጎማውን ማየት ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከሳጅን ተፈራ ዕቃ ሊገዛ ሄደ ከምባል ታሠረ ብባል ይሻለኝ ነበር።»

ሚስትህስ? ምሳውስ?

«እሷም ታውቃለች።»

ዝም በሉ፣ አትሳቁ። ታዲያ ዋስ የለኝም ያልከውስ? እሱም ጨዋታ ነበር?

«እሱስ ወላሂ የምሬን ነው።... ልሂድ እንግዲህ፣ የዘነበች ተራ ደርሷል፣ ቦዩን ልክፈትላት።»

ሂድ። አያችሁት፣ አሁንም እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው። ይመር፣ እጅህን ፍታ እንጂ፣ ዋስህ እዚህ ቁጭ ብሏል።